ሁለት በሬ የወጣበት ጥርስ

ሰው ዓይኑ ደክሞ መነጽር ቢያደርግ ማንም ምንም አይለውም። እግሩን ታሞ ምርኩዝ ቢይዝ «አላህ ያሽርህ፣ እግዜር ይማርህ» ይባላል እንጂ «በዚህ ዕድሜህ መራመድ ምን ይሠራልሃል?» ብሎ የሚሞግተው የለም። ጣጣ የሚመጣው ነገሩ ጥርስ ላይ ሲደርስ ነው። ጥርሱ የረገፈ ሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ ላስገባ ያለ እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ችሎት ይቀመጥበታል። ወጣት ከሆነ ይሁን፣ ይፈቀድለታል። ሽማግሌ ከሆነ ቅንጦት ነው። አሮጊት ከሆነችማ አለቀላት፤ ባል ፈልጋ ነው!

ይህን የምላችሁ ችሎቱ ሰሞኑን በእኔው ላይ ስለተቀመጠ ነው። ቆቦ ተወልጄ ቆቦ ያረጀሁ ሴት ነኝ። የቀሩኝ ሁለት ጥርሶች አንዱ ከላይ በቀኝ፣ ሌላው ከታች በግራ ሆነው፣ እንደተጣላ ጎረቤት ዕድሜ ልካቸውን ላይገናኙ ተራርቀው ተቀመጡ። ልጆቼ «እማ፣ አጥሚት ጠጪ» አሉኝ። ጎረቤቴ ደግሞ፣ ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች፣ «አሁን አንቺ ለማን ልትስቂ ነው?» አለችኝ። ለካ ለማን እንደምስቅ ዝርዝር አቅርቤ ማስፈቀድ ኖሮብኛል! በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ደሴ ገባሁ።

ደሴ ያገኘኋት የጥርስ ሐኪም የልጅ ልጄን ዕድሜ ናት። ለካችኝ፣ ሊጥ የመሰለ ነገር አፌ ውስጥ አድርጋ አስነከሰችኝ፣ ሥራው አልቆ ስመለስ ደግሞ ገጥማልኝ መስታወት ሰጠችኝ። ከዚያ ምክሯን ጀመረች።

«እማማ፣ ማታ ማታ አውልቀው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይንከሩት።»

«ከደረቀ ይጣመማል» አልኳት።

«ልክ ነዎት። የፈላ ውሃ ደግሞ...»

«አይነካውም። በአመድም በአሸዋም አይፈተግም። ሲታጠብ ከሥሩ ውሃ የያዘ ሳፋ ይቀመጣል፤ ከእጅ ቢያመልጥ እንዳይሰበር።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «ከዚህ በፊት ነበረዎት እንዴ?»

«እኔ አልነበረኝም። አባቴ ነበረው።»

«መቼ?»

«በስልሳ ስድስቱ ረሃብ።»

ሳቀች። ተንኮል የሌለው ሳቅ ስለሆነ አልተቀየምኳትም። ቆቦ፣ ረሃብ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፤ ሦስቱን አንድ ላይ አድርጋ ስታያቸው ቀልድ መሰላት። እናንተም ከፈለጋችሁ ሳቁ። ሳቃችሁን ስትጨርሱ ግን ቁጭ በሉና ስሙኝ።

አባቴ ይማም የቆቦ ከብት ገበያ ደላላ ነበር። ደላላ ስላችሁ የዛሬውን፣ በሁለት ጆሮው ሁለት ስልክ የሚያናግረውን እንዳታስቡ። ያን ጊዜ ደላላ ማለት በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የሚቆም አፍ ነበር። ከደጋ የወረደ ክርስቲያን ገበሬ፣ ከቆላ የመጣ አፋር፣ ከዋጃ የተነሳ ሙስሊም ነጋዴ፣ አንዱ የሌላውን ቤት ሳያውቅ ከብት የሚገዛዛው በእሱ ቃል ነው። አባቴ የከብቱን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ ያያል፤ ከዚያ ዕድሜውን ሻጭም ገዢም እኩል እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። አለቀ። እሱ «ስድስት ዓመቱ ነው» ካለ በሬው ራሱ አፍ አውጥቶ «ኧረ አምስት ነኝ» ቢል የሚሰማው አልነበረም።

በገበያው ውስጥ አንድ የታወቀ ሌብነት ነበር። ያረጀ በቅሎ ወይም አህያ ጥርሱን በሞረድ ሞርደው ወጣት ያስመስሉታል። አባቴ በዓለም ላይ ካለው ኃጢአት ሁሉ ይህን አብልጦ ይጸየፍ ነበር። የሰው ክፋት ልክ ሲያልፍበት «ጥርስ ሞራጅ!» ይላል፤ ከዚህ የከፋ ስድብ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ የገዛ አጎቱ ልጅ የሞረዳትን በቅሎ ይዞ ቢመጣ፣ አባቴ ገበያው መሐል ከንፈሯን ገልጦ «አሮጊት ናት፤ ጥርሷ ተሞርዷል!» ብሎ ጮኸበት። ሰውዬው እስኪሞት ድረስ ደጃፋችንን አልረገጠም።

ታዲያ ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት ክፉ በቅሎ መጣች። ጥርሷን ሊያይ ከንፈሯን ሲገልጥ ጭንቅላቷን ወርውራ አፉን አለችው። ጥርስ ሊያይ ሄዶ ጥርሱን ጥሎ መጣ። ከላይ ሦስቱ እዚያው ወደቁ፤ የተነቃነቁትን በሙሉ አንጥረኛ በጉጠት ነቀለለት። የታችኞቹ ተረፉ እንጂ ከላይ ድዱ ብቻ ቀረ።

ለደላላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ስድስት» ሊል ሲል ነፋስ ብቻ ይወጣል፤ ገዢው «አሥር ነው ያልከው?» ይለዋል። በአጭሩ ገበያው ከእጁ ወጣ። ጎረቤታችን አያ መኮንን፣ የልጅነት ወዳጁ የሆነ ቀልደኛ ገበሬ፣ «ይማም፣ ምን ያስጨንቅሃል? በሬም እኮ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ሳሩን እንደሆነ እየጋጠ ነው» አለው። አባቴ «በሬ አይስቅማ» ብሎ መለሰለት። በዚያው ሳምንት ሁለት የእርሻ በሬዎቹን ሸጠና አስመራ ሄደ።

እናቴ ዘሐራ ያዙኝ ልቀቁኝ አለች። «ሰው በሬ ሸጦ ላም ይገዛል፤ በሬ ሸጦ ቤት ይሠራል። በሬ ሸጦ ጥርስ የገዛ ያያችሁ እስቲ በነቢ ንገሩኝ!» እያለች በየደጁ ዞረች። ያየ አልተገኘም።

አስመራ ያለው ጥርስ ሠሪ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር። አባቴ የገበያ ትግርኛ ያውቃል፣ ሰውዬውም እንደዚያው፤ ተግባቡ። ጣሊያኑ ጥርስ የተደረደረበት ሳጥን ከፍቶ ከሁሉ የነጣውን አነሳና «ይህ ያምርብሃል» አለው። አባቴ በጣቱ አገላብጦ ተመለከተው። «ይኼ የወይፈን ጥርስ ነው» አለ። «እኔ የጎለመስኩ ሰው ነኝ። ይኼን ባስገባ ዕድሜዬን ሞረድኩ ማለት አይደል?» ቀጥሎ የቀረበለትንም መለሰ፣ ከዚያ የቀጠለውንም። በመጨረሻ ከሳጥኑ ሥር ቢጫ ቢጤ፣ ጫፉ በመጠኑ የተበላ የሚመስል አገኘ። «ይኼ እኔን ያህላል» አለ። ጣሊያኑ ያረጀ ጥርስ የሚያማርጥ ደንበኛ በዕድሜው ገጥሞት ስለማያውቅ ራሱን እየነቀነቀ ሥራውን ጀመረ። ሊገጥመው ሲል አባቴ እንደገና አስቆመው። ፍንጭቱስ? ከፊት ሁለቱ ጥርሶቹ መካከል አገር ያወቀው ፍንጭት ነበረው። «ሚስቴ ያገባችኝ በእሱ ነው፤ ሌላ ሰው ሆኜ አልገባባትም» አለ። ጣሊያኑ ክፍተት መተው የሥራ ጉድለት ነው ብሎ ብዙ ተከራከረ፤ ተረታ።

አባቴ ቤት ሲገባ እናቴ ላለማየት ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። እሱም አልቸኮለም፤ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ እስክትዞር ጠበቀና ፈገግ አለ። «ፍንጭቱንም ገዛኸው?» አለችው። ከዚያ ወዲያ ስለ በሬዎቹ ድምጿ ቀነሰ።

ጣሊያኑ ስለ አያያዙ ያዘዘውን አባቴ አንድም አላጎደለም። ለስላሳ ብሩሽ ቆቦ ስላልነበረ ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቀዶ በሳሙና ያሸዋል። ሲያጥበው ከሥሩ ውሃ ያለበት ገበቴ ያስቀምጣል። ማታ ጣሳ ውስጥ ነክሮ ድመት እንዳትደፋው በሰፌድ ይከድነዋል፤ መልሶ አፉ የሚያስገባው ሱብሂ ሰግዶ ከመስጊድ ሲመለስ ነው። እናቴ «በሬዎችህን አጠጣህ?» ትለዋለች። «አጠጣሁ» ይላል።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። አንድ ዓመት ቢቀር ያለ ነው፤ በሚቀጥለውም ቀረ። የቆቦ ሜዳ ማሽላ ጉልበት ሳይደርስ ቆሞ ደረቀ። መጀመሪያ ከብቱ ለሽያጭ ገበያውን ሞላው፣ ገዢ ግን ጠፋ። ቀጥሎ ከብቱ በየመንገዱ ወደቀ። ቀጥሎ ሰው መውደቅ ጀመረ። ይህን አልዘረዝርላችሁም፤ ያየው አይረሳውም፣ ላላየው በቃል ላሳየው አልችልም። አዲስ አበባ ግን ረሃብ የለም ይባል ነበር አሉ። እኛም እኮ ሬዲዮ ቢኖረን ኖሮ ጠግበን ማደራችንን እንሰማ ነበር።

በዚያን ጊዜ አባቴ ከሰፈሩ የተለየ ሰው ሆነ። የሁሉም በሬ አለቀ። የእሱን ሁለት በሬዎች የገዛቸው ሰው እንኳ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ቀበረ። የእኛዎቹ ግን አሉ፤ አፉ ውስጥ። «ስትስቁብኝ የነበራችሁ አሁን ኑና እዩ» ይላል። አያ መኮንንም «እውነትህን ነው፤ ማረስ ብቻ ነው ያቃታቸው» ይለዋል።

ጎሊና ወንዝ ደርቆ ስለነበር ውሃ የምቀዳው ግማሽ ቀን ሄጄ፣ አሸዋውን በእጄ ጭሬ ነው። አባቴ ከዚያች ውሃ ላይ ማታ ማታ አንድ ጣሳ ለጥርሱ ይቀንሳል። እናቴ አንድ ቀን አልቻለችም፤ «ሰው በጥም እያለቀ አንተ ጥርስ ታጠጣለህ!» ብላ ጮኸችበት።

«ከደረቀ ይጣመማል።»

«እኛስ ስንደርቅ አንጣመምም?»

ጠዋት አባቴ ጥርሱን አፉ ከከተተ በኋላ ጣሳውን አነሳና «ቢስሚላህ» ብሎ ውሃውን ጭልጥ አደረገው። «ይኸው፤ አንዲት ጠብታ አልባከነችም» አለ። እናቴ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ጠጋ ብዬ ሳይ እየሳቀች ነው። በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ወራት ሆኖት ነበር።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አባቴ ሲከሳ ድዱም አብሮ ከሳ መሰለኝ፣ ጥርሱ ይላላ ጀመር። አንድ ቃል ተናግሮ ሲጨርስ ጥርሱ ተከትሎት ቀጭ ይላል። በምላሱ እየደገፈ መናገር ለመደ። እናቴ ደግሞ እግሯ አብጦ ከመደብ መነሳት አቃታት። ቤቱ ውስጥ ሦስት ነን። እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ባሌ ሑመራ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ወሬው ስለጠፋ ወላጆቼ ዘንድ ተመልሼ ነበር። ከየአጥሩ የለቀምኩትን ቅጠል እቀቅላለሁ። እናቴ እሱም ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ። እህል ካላገኘች እንደምትሞት እኔም አውቀዋለሁ፣ አባቴም ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች።

በመጨረሻ የእርዳታ ስንዴ መጣ ተባለ። አውራ ጎዳናው ዳር ባለ መጋዘን ፊት ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ አንድ ከከተማ የመጣ ወጣት መዝጋቢ ተቀመጠ። እህሉ የሚሰጠው ካርድ ለያዘ ነው፤ ካርድ የሚሰጠው ንብረት ለሌለው ነው። ንብረት ያለውንና የሌለውን መዝጋቢው በምን ይለየዋል? በዓይኑ። ጫማ ያደረገ ተመለሰ። ጥላ የያዘ ተመለሰ። የብር ጌጥ ያጠለቀች ተመለሰች። ሕዝቡም ብልሃቱን ወዲያው ተማረ። ድሮ ለሠርግ ጥሩ ኩታ እንዋዋስ ነበር፤ አሁን ለሰልፍ ቡቱቶ መዋዋስ ጀመርን። ከሰፈሩ ሁሉ የባሰ የተቀደደ ጋቢ የነበራት ሴት ተፈላጊ ሆነች።

አባቴ በዚያ ቀን ሸሚዙን አጥቦ ለበሰ። ጥምጣሙን አስተካከለ። ጥርሱን ገጠመና ሄደን ተሰለፍን። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ እንደ ጨዋ ሰው ፈገግ ብሎ ሰላምታ አቀረበ።

መዝጋቢው ብዕሩን አስቀመጠ። «ይኼ ጥርስ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«አብሮህ የተፈጠረ ነው?»

«የለም፣ ከአስመራ ነው።»

«በምን ገዛኸው?»

«በሁለት በሬ።»

«ሁለት በሬ አፍህ ውስጥ ይዘህ እርዳታ ትጠይቃለህ? ሂድ ወዲያ! ቀጣይ!»

ወደ ቤት ስንመለስ መካሪ አላጣንም። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ነገ አውልቀህ ሂድ። አያ መኮንን እንኳ ቀልዱን ትቶ «ይማም፣ አንድ ቀን ነው፤ ጣሳው ውስጥ ትተኸው ና» ሲል ለመነው። እናቴ ከተኛችበት ሆና፣ «ለኔ ስትል አውልቀው» አለችው።

«ዘሐራ፣ በከብት ጥርስ እንኳ ዋሽቼ የማላውቅ ሰው በራሴ ጥርስ ልዋሽ?»

«እንግዲያው ሐቅህን ቀቅልና አብላኝ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እውነቱን ልንገራችሁ። ዛሬ ስለ አባቴ ሳወራ ደረቴን ነፍቼ ነው፤ ያን ቀን ግን ጠልቼዋለሁ። እናቴ ዓይኔ እያየ ስታልቅ እሱ የገበያ ክብሩን የሚጠብቅ ግትር ሽማግሌ ሆነብኝ። ሦስት ቀን ጥርሱን ገጥሞ ሄደ፤ ሦስት ቀን ተመለሰ። በአራተኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ሊሰግድ መስጊድ እንደሄደ ሰፌዱን አነሳሁና ጥርሱን ከጣሳው አወጣሁት። በጨርቅ ጠቅልዬ ጎታ ውስጥ ጣልኩት። ጎታው ባዶ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ገብቶ የሚፈልግ የለም።

አባቴ ተመልሶ ሰፌዱን ገለጠ። ውሃው አለ፣ ጥርሱ የለም። እኔን አየኝ። እናቴን አየ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እንዳልተኛች ግን ሦስታችንም እናውቃለን። ጣሳውን አንስቶ ውሃውን ጠጣ፣ ጥምጣሙን ጠመጠመ፣ ወጣ። ተከተልኩት።

ሄደን ተሰለፍን። ያለ ጥርሱ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገብቶ አሥር ዓመት አርጅቷል። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ መዝጋቢው ቀና ብሎ አየውና አላወቀውም። ስም ጠየቀው፣ ጻፈ። የቤተሰብ ብዛት ጠየቀው፣ ጻፈ። ከዚያ ከመዝገቡ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «ንብረት?» አለው።

እዚህ ላይ የሚመለሰው «የለም» ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ሁሉ የለም ብለው አልፈዋል። አባቴ ዝም አለ። ጀርባውን ቆነጠጥኩት።

«አለኝ» አለ። «የላይ ጥርስ። ቤት ነው ያለው። ልጄ ደብቃብኛለች።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መዝጋቢው ብዕሩን እንደያዘ አፈጠጠበት። «አንተ ያ ሰውዬ ነህ?»

«ነኝ።»

«አሁን ምን አናገረህ? ዝም ብትል ጽፌልህ ነበር እኮ!»

«ስማኝ ልጄ» አለ አባቴ። ያለ ጥርሱ ስለሆነ ግማሹ ቃል ነፋስ ነው፤ ግን ሰልፉ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማው። «ያለኝን ልደብቅህ አልመጣሁም። የሌለኝን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ጥርስ አለኝ። የማኝከው የለኝም። ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው። ሁለቱንም ጻፈው።»

ከኋላችን የቆመችው ከጎብዬ የመጣች ሴት፣ እትዬ ውዴ የምትባል፣ መቀነቷን መፍታት ጀመረች። ምን ሆነች ብዬ ዞርኩ። ከመቀነቷ ውስጥ ብር መስቀሏን አወጣችና አንገቷ ላይ አሠረችው። «የእናቴ ነው» አለች መዝጋቢውን እያየች። «እኔም አለኝ። ከበላሁ ሦስት ቀኔ ነው። ጻፈኝ።» ከእሷ በስተኋላ ያለ የዋጃ ሽማግሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እኔም ጥላ አለኝ፤ የጎረቤት ቤት ነው ያስቀመጥኩት» አለ። ወዲያው ከየአቅጣጫው ጫማ አለኝ፣ የእግር አልቦ አለኝ፣ ፋኖስ አለኝ የሚል ተነሳ። መዝጋቢው የሰልፉን ርዝመት በዓይኑ ተከተለ፤ እስከ አውራ ጎዳናው ማዶ ይደርሳል። በያዘው ሕግ ከሄደ አንድም ሰው አይቀርለትም።

ክፉ ልጅ አልነበረም። ሰልፍ አይቶ የማያውቅ አለቃ የጻፈለትን ሕግ ይዞ የመጣ ልጅ ነው። ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥርስ በየትኛው ዓምድ ነው የሚጻፈው?» አለው።

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ከብት በሚለው ጻፈው።»

ጻፈው። ካርዳችን ላይ «ከብት፣ ሁለት» ተብሎ ተመዘገበ፤ ስንዴ ልንቀበል በሄድን ቁጥርም የሚያነበው ሁሉ ግራ ይጋባል። በዚያ ቀን ስንዴውን ተሸክሜ ገባሁ፣ ወቅጬ በቀጭኑ ቀቀልኩት፣ እናቴ በማንኪያ በማንኪያ ወሰደችው። ጥርሱን ከጎታው አውጥቼ ሁለት እጄን ዘርግቼ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፣ በሳሙና አጠበው፣ ገጠመው። እስከ ማግሥቱ አላናገረኝም። ማግሥቱን ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ሁለተኛ ጥርሴን ደረቅ ቦታ እንዳታስቀምጪ።»

እናቴ ተነሳች። እብጠቷ ቀስ በቀስ ጎደለ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ኖራ እሱን ስትጨቃጨቀው ኖረች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ፤ ግን አላለቀም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተሰልፈን ሳለ አንድ ካሜራ ያነገተ ፈረንጅ በመኪና መጣ። በሰልፉ ርዝመት እየተመላለሰ ፊት ያማርጣል። አባቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። አልፈርድበትም፤ ጉንጩ ገብቶ፣ የደረቱ አጥንት በሸሚዙ ውስጥ ይቆጠር ነበር። ከሰልፉ አውጥቶ መጋዘኑ ግድግዳ ሥር አቆመው። አባቴ ፎቶ ተነስቶ የሚያውቀው አንድ ጊዜ አስመራ ነው፤ ፎቶ እንዴት እንደሚነሱ ያውቃል። ጥምጣሙን አስተካከለ፣ ትከሻውን ቀጥ አደረገ፣ ጥርሱን በምላሱ ደገፍ አደረገና ከነፍንጭቱ ፈገግ አለ።

ሰውዬው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ለመዝጋቢው አንድ ነገር ነገረው። ያ መዝጋቢ አሁን አንቱ ማለት ለምዷል። «አያ ይማም፣ አፍዎን ይግጠሙ ይላል።»

«ለምን?»

ልጁ አፈረ። «ሲስቁ የተራበ ሰው አይመስሉም ይላል።»

«የተራበ ሰው ምን እንደሚመስል ለኔ ነው የሚነግረኝ?» አለ አባቴ። «በለው እንግዲህ፤ ይኼ ረሃብ ከብቴን ወስዷል፣ ሥጋዬን ወስዷል። ሳቄን ግን አልሰጠሁትም፤ ለእሱም ብዬ አልሰጥም። እንዲህ ሆኜ ከፈለገኝ ያንሳኝ።»

መዝጋቢው ተረጎመለት። ሰውዬው ትከሻውን ሰበቀና ሌላ ሰው ፍለጋ ሄደ። እኔም ተከትዬው ወጥቼ ስለነበር ቦታችን ተይዞ ወደ ሰልፉ ጭራ ተመለስን። ስንዴው ሳይደርሰን ያልቃል ብዬ እስከ መጨረሻው ስሰጋ ዋልኩ፤ ከቁናው የተራረፈችው ደረሰችን።

የዚያን ዓመት ፎቶዎች እናንተም አይታችኋቸዋል። በየጋዜጣው፣ በየመጽሐፉ አሉ፤ አፉን የገጠመ ሕዝብ። እኔም ባገኘኋቸው ቁጥር መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ እፈልገዋለሁ። ከማውቃቸው ፊቶች አንዳንዱን አገኛለሁ፤ አባቴ የለም። ፎቶው ሲነሳ እሱ ከባለካሜራው ጀርባ፣ በሰልፉ ጭራ ላይ ቆሞ እየሳቀ ነበር።